በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና

የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ ግላኮማ አንዴ የወሰደውን እይታ የሚመልስ ቀዶ ሕክምና የለም። ጠብታውም ሌዘሩም ቀዶ ሕክምናውም የዓይንን ግፊት አውርደው የተረፈውን ነርቭ ለማቆየት ነው። በዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ አይሪስ (ባለቀለሙ የዓይን ክፍል) እና ኮርኒያ (የፊቱ ግልጽ ሽፋን) በሚገናኙበት ማዕዘን ባለው ወንፊት ሰርጎ በኮርኒያው ዙሪያ ወደሚዞረው ሽሌም ቦይ፣ ከቦዩም ወደ ደም ሥር ይወጣል። ማዕዘኑ ክፍት ሆኖ ግፊቱ ሲጨምር ችግሩ ብዙውን ጊዜ ወንፊቱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ የሚታወቀው ትራቤኩሌክቶሚ ወንፊቱን ትቶ በነጩ የዓይን ክፍል አዲስ መውጫ ይከፍታል። ግፊትን በደንብ ያወርዳል፤ ጣጣው ግን ቀላል አይደለም። ግፊቱ ከልክ በታች ሊወርድ፣ መውጫው በጠባሳ ሊደፈን፣ ከዓመታት በኋላም ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠሩት በአብዛኛው የተፈጥሮውን ቦይ ይጠቀማሉ።

በአሜሪካ በ2012 የተፈቀደው አይስቴንት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝም የታይታኒየም ቱቦ ነው። ሃይድረስ የተባለው ሌላው ስቴንት (ቦዩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቦዩን ሩብ ያህል ደግፎ ይይዛል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ሞራው በሚወጣበት ዕለት ነው። የታካሚው ራስ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ይዞራል፣ ማይክሮስኮፑም ወደ ሐኪሙ ያጋድላል፤ አለዚያ ማዕዘኑ አይታይም። የዓይኑ የፊት ክፍል በጄል ተሞልቶ ማዕዘኑን የሚያሳየው ጎኒዮ ሌንስ ኮርኒያው ላይ ይቀመጣል። ስቴንቱ የሚተከለው በአፍንጫ በኩል ነው፤ ፈሳሹን ከቦዩ የሚቀበሉት ቱቦዎች በዚያ ይበዛሉና። ሌንሱን ጠበቅ አድርጎ የተጫነ ሐኪም ኮርኒያውን አሸብሽቦ የሚያየውን ያጣል። ጄሉ ከበዛ ቦዩ ይጣበቃል፤ በመጨረሻ በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ደግሞ በማግስቱ ግፊቱ ይነሳል።

ስቴንት ውድ ነው። ጋት የሚባለው ዘዴ ግን በተራ የፖሊፕሮፒሊን የስፌት ክር ይሠራል። የክሩ ጫፍ በሙቀት ይድቦለቦልና ቦዩን 360 ዲግሪ ዞሮ ሲሳብ ወንፊቱን ይቀድደዋል። ክሩ መንገድ ስቶ ከቦዩ ከወጣ መግፋት አይገባም፤ መልሶ በሌላው አቅጣጫ መሞከር ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይን ውስጥ ደም መታየቱ የሚጠበቅ ነው፤ ታካሚው ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። በኢትዮጵያ በብዛት ለሚታየው የሱዶኤክስፎሊየሽን ግላኮማ (በዓይን ውስጥ ብናኝ መሰል ነገር ተከማችቶ ለሚመጣው) ይህ ዘዴ በዋጋውም በውጤቱም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የቦይ ሕክምና ወለል አለው። ቦዩ የሚፈስባቸው ደም ሥሮች ራሳቸው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ስላላቸው፣ ውጤቱ ብዙ ጊዜ 15 አካባቢ ይቆማል። ነርቩ ክፉኛ ተጎድቶ 10 ወይም 12 ለሚያስፈልገው ሰው አሁንም የሚሻለው ትራቤኩሌክቶሚ ነው። 6 ሚሊ ሜትሩ የጄላቲን ቱቦ ዜን ከዚህ ወለል በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ነገር ግን ፈሳሹን ነጩን የዓይን ክፍል ወደሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሥር ስለሚያወጣ የጠባሳውን ችግር ይዞ ይመጣል፤ ለዚህም ጠባሳን የሚገታው መድኃኒት ማይቶማይሲን ይሰጣል። ሳይፓስ የተባለው ቱቦ ደግሞ ከ5 ዓመት ክትትል በኋላ የኮርኒያን ሕዋሳት እንደሚያሳሳ ታውቆ በ2018 ከገበያ ወጥቷል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚታዘዘው ብግነትን የሚቀንስ የስቴሮይድ ጠብታ በአንዳንድ ሰው ላይ ራሱ ግፊት ይጨምራል። በሦስተኛው ሳምንት ግፊቱ ከፍ ካለ ቀዶ ሕክምናው ከሸፈ ከማለት በፊት ጠብታውን መመርመር ይቀድማል።