ናሱ ላይ ያለው ብር ቅብ አይደለም

የመካከለኛው ዘመን የሞሱል፣ የደማስቆና የካይሮ የናስ ማንቆርቆሪያዎች ላይ ያለው ብር ብዙ ጊዜ «ቅብ» ይባላል። ስህተት ነው። ቅብ ዕቃውን ከላይ በስስ ሽፋን ማልበስ ነው፤ ይሄ ግን ናሱ ውስጥ የተከተተ ብር ነው።

ሠሪው ቅርጹን ናሱ ላይ በመሮ ይቆፍራል፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሰርስሮ ከንፈር ያወጣለታል። በልክ የተቆረጠ ስስ ብር ያስገባና ከንፈሩን በመዶሻ መልሶ ይጭንበታል። ብየዳ የለም፣ ብሩን የያዘው ያ ከንፈር ነው። የምስሎቹ ዓይንና የልብስ እጥፋት የሚቀረጹት ብሩ ከገባ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዘመናት ውልወላ ከንፈሩ ሲሳሳ ብሩ ተነቅሎ ይወድቃል (ለብሩ ሲሉ የነቀሉትም አይጠፉም)። ባዶውን ቦታ መብራት ከጎን ይዛችሁ እዩት፦ የመሮው ጥርስ ምልክት ይታያል። ቅብ የለቀቀው ዕቃ ላይ ግን ልሙጥ ናስ ነው የምታገኙት።

ለምሳሌ ሹጃዕ ኢብን መንዓ በ1232 (እ.ኤ.አ.) ሞሱል ውስጥ የሠራው፣ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ማንቆርቆሪያ ብርም መዳብም ተከትቶበታል።

ከዕቃ ዕቃ የሚለያየው የሚከተተው የብረታ ብረት ዓይነት ነው፦ ቀደም ባሉት ዕቃዎች መዳብ ይበዛል፣ ወርቅ እየቆየ ነው የመጣው። በብሩ ዙሪያ ያለው ጥቁር መሙያም ከዕቃ ዕቃ ይለያል።