ሰስ ኮርድ ምንድን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ በምንለማመድባት ክፍል ውስጥ አንድ የአምባሰል ዜማ እየሠራን ነበር። መነሻ ኖታችን ኢ (E) ነው። መግቢያው ላይ የመታሁት ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች፣ ከኪቦርዱ ጋር አልስማማ አለ። ቤዚስታችን ክሮቹን በመዳፉ አፍኖ፣ «ቆይ፣ ይሄ ኮርድ ምንድን ነው? ኢ ማይነር ነው እንዴ?» አለኝ። በማግስቱ ሐይቅ ዳር ሰርግ ስላለን ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ኮርዶቹን አንድ በአንድ እየጻፈ ነው።

ኢ ማይነር አልነበረም። ኢ ሜጀርም አልነበረም። ኢ ሰስ ፎር ነበር።

ጊታር በእጃችሁ ካለ አብረን እንያዘው። ከወፍራሙ ክር ጀምሮ 0-2-2-2-0-0 ነው። ዜሮ ማለት ክሩ ሳይያዝ ይመታል ማለት ነው፤ ሌላው ቁጥር ክሩ የሚያዝበት ፍሬት፣ ማለትም የጊታሩ አንገት ላይ ያለው ክፍል ነው። የሚሰሙት ኖታዎች በቅደም ተከተል ኢ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። የተደጋገመውን ስናወጣ ሦስት ብቻ ይቀራሉ፦ ኢ፣ ኤ፣ ቢ።

የተለመደ ኮርድ የሚሠራው ከመነሻው፣ ከሦስተኛውና ከአምስተኛው ኖታ ነው (ኢን አንድ ብለን ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ እያልን ስንቆጥር)። ስሜቱን የሚወስነው ሦስተኛው ነው። ኢ ላይ ሦስተኛው ጂ ሻርፕ ከሆነ ሜጀር ይሆናል። በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ጂ ሲሆን ደግሞ ማይነር። ሰስ ኮርድ ላይ ይህ ሦስተኛ ኖታ ቦታውን ይለቃል። በቦታው አራተኛው ከገባ ሰስ ፎር፣ ሁለተኛው ከገባ ሰስ ቱ ይባላል። ኮርዱ ሜጀርም ማይነርም ያልሆነው ለዚህ ነው።

ስሙ የመጣው «ተንጠልጥሎ የቆየ» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ ሌሎቹ ድምፆች ወደ አዲሱ ኮርድ ሲያልፉ አንዱ ከቀደመው ኮርድ ላይ ይዘገያል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ቦታውን ይይዛል። ይህን በጆሮ መስማት ቀላል ነው። ቅድም የያዝነውን ኮርድ ምቱና ከቀጭኑ ሲቆጠር ሦስተኛ የሆነውን ክር ከፍሬት 2 ወደ ፍሬት 1 አውርዱት። ኢ ሜጀር ሆነ። ውስጣችሁ የሆነ ነገር «አረፈ» ይላል። የዛሬ ሙዚቃ ግን ማረፉን ግድ አይልም፣ እንደተንጠለጠለ ሊተወውም ይችላል።

አምባሰል ደግሞ እንዲያርፍ አይፈቅድለትም። እኔ ይህን ኮርድ የምወደውም በዚህ ነው። ከኢ የሚነሳ አምባሰል ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። ጂ የለም፣ ጂ ሻርፕም የለም። በዚህ ቅኝት የተቃኘ ክራር ላይ ጂን ብትፈልጉ አታገኙትም። ስለዚህ ኢ ማይነር ስንመታ ቅኝቱ ያልጠራውን ኖታ ከውጭ እያስገባን ነው። ብዙ ቦታ እንዲህ ሲመታ እሰማለሁ። ለኔ ዜማው ያልጠየቀው ሐዘን ይጨመርበታል፣ አምባሰል ያለው ያ ሰፊ፣ ክፍት ድምፅ ይጠፋል። የኛም ኪቦርዲስት የያዘው ኢ ማይነር ነበር። የሱ ጂና የኔ ኤ ጎን ለጎን ሆነው ነው ሲጋጩ የነበሩት።

ከዚያ ቤዚስታችን ኢን ትቶ ኤን መታ። እኔ ጣቴን ንቅንቅ አላደረግኩም፣ ግን ኮርዱ ሌላ ሆነ። አሁን መነሻው ኤ ነው፤ ቢ ሁለተኛ፣ ኢ አምስተኛ። ኤ ሰስ ቱ ማለት ነው። ያው ሦስት ኖታ፣ ያው ጣት፣ ሌላ ስም። «ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?» አለኝ። «አንተ የመታኸው ነዋ!» አልኩት። የኮርድ ስም ጣት የት እንደተቀመጠ አይናገርም። የትኛው ኖታ መሬት እንደሆነ፣ ሌሎቹም ከሱ ምን ያህል እንደሚርቁ ነው የሚናገረው። መሬቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቤዝ ነው።

ይህ ለኛ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። እነዚያኑ አምስት ኖታዎች ያዙና ኤ ላይ እያረፋችሁ ተጫወቱ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ትዝታ ማይነር ነው! ኢ ላይ ስታርፉ አምባሰል፣ ኤ ላይ ስታርፉ ትዝታ። ቅኝትን በማረፊያው የሚለይ ጆሮ ኮርድንም በመነሻው መለየት አያቅተውም።

እዚያው ዜማ ላይ ስሙ የሚያስቸግር ሌላም ኮርድ ነበረኝ። የኤፍ ባሬን (አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ አግድም የሚይዝበትን አያያዝ) ይዤ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች እለቃቸዋለሁ፦ 1-3-3-2-0-0። የሚሰማው ኤፍ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ ነው። ቤዙ ኤፍ ሲመታ እንቁጠር። ኤፍ፣ ኤና ሲ ተራ ኤፍ ሜጀር ናቸው። ኢ የምትባለው ኖታ ከኤፍ ሲቆጠር ሰባተኛዋ ናት፣ «ሜጀር ሰቨን» የምንለው። ቢ ደግሞ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ አራተኛ። ግን ሰስ አንለውም፤ ሦስተኛው ኖታ፣ ኤ፣ ቦታው ላይ አለና። ሦስተኛው ሳይለቅ ከላይ የተጨመረ አራተኛ፣ ከስምንት አልፎ ስለሚቆጠር አስራ አንደኛ ይባላል። ሙሉ ስሙ ኤፍ ሜጀር ሰቨን ሻርፕ ኢለቨን ነው። ስሙ ረዘመ እንጂ ኖታዎቹ ያው አምስቱ የአምባሰል ኖታዎች ናቸው፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተጨመረ።

ቤዚስታችን ደብተሩ ላይ «ኢ ሰስ 4» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ «ቤዝ ኤ ሲሆን፣ ኤ ሰስ 2» ጨመረበት። ከዚያ ደብተሩን ወደ ኪቦርዱ አዞረው። ኪቦርዲስቱ አየት አደረገና ጂ ላይ የነበረውን ጣቱን ወደ ኤ አሻገረ። መግቢያውን እንደገና ጀመርነው።