የዕጢ ከባቢ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ሐኪም ዘንድ ከመድረሷ በፊት ቡና ላይ የምትሰማው ምክር አለ። «ስሚኝ እህቴ፣ ቢላ ካስነካሽው ይሰራጫል፤ ይልቅ ተይው» ይሏታል። ተናጋሪዋ ክፉ ሆና አይደለም። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ብዙም ሳትቆይ ያረፈች ዘመድ ትዝ ብሏት ነው። ግን ካንሰርን የሚያሰራጨው ቢላ ካልሆነ ምንድን ነው? የመልሱ ትልቅ ክፍል ያለው ከካንሰሩ ሕዋስ ውጭ ነው። በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ናቸው የሚረዱትም የሚያግዱትም።

ዕጢ ሲባል የካንሰር ሕዋስ ብቻ የታጨቀበት ነገር ይመስለናል። አይደለም። ውስጡና ዙሪያው የደም ሥር አለ፣ ስብ አለ፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት አሉ። ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር የሚሠሩ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳትም አሉ። ይህ ሁሉ አንድ ላይ የዕጢው ከባቢ ይባላል። እጅ ሲዳስሰው ጓጉሎ የሚሰማው ጥንካሬ እንኳ በአብዛኛው ፋይብሮብላስቶቹ ያከማቹት ኮላጅን ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወተት ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦውን ከውጭ የሚያቅፍ አንድ ረድፍ ሕዋስ አለ፤ ሥራው ጡት ስታጠባ ወተቱን መጭመቅ ነው። ይኸው ረድፍ ካንሰሩንም አግዶ ይይዛል። እሱ እስካልተበጠሰ ድረስ በሽታው ገና ከቱቦው አልወጣም። ፓቶሎጂስቱ ናሙናውን ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያይ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ረድፍ ነው።

ከተበጠሰ በኋላ ነገሩ ይከፋል። ማክሮፌጅ የሚባለውን የበሽታ መከላከያ ሕዋስ እንይ። መደበኛ ሥራው ጀርም መብላትና ቁስል ማደስ ነው። የካንሰሩ ሕዋስ ኬሚካል እየለቀቀ ይጠራዋል። እሱም መጥቶ በበኩሉ ሌላ ኬሚካል ይለቃል፤ ይኼኛው ደግሞ የካንሰሩን ሕዋስ ይስበዋል። እንዲህ ሲጠራሩ በኮላጅኑ ክር ላይ ተከታትለው ደም ሥር ጋ ይደርሳሉ። እዚያ ማክሮፌጁ የደም ሥሩን ግድግዳ ያላላና የካንሰሩ ሕዋስ ሾልኮ ይገባል። ተመራማሪዎች ይህን በአይጥ ላይ በማይክሮስኮፕ፣ ሕዋሳቱ ሲንቀሳቀሱ አይተውታል። ጠባቂው በር ከፈተ ማለት ነው። ሁሉም ግን አይከዳም፤ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ዕጢው ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት ተዋጊ ሕዋሳት በብዛት ከተገኙ ለታካሚዋ ጥሩ ምልክት ነው።

ወደ ቢላው ስንመለስ፣ ደም ውስጥ የገቡ የካንሰር ሕዋሳት አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ። ኦፕራሲዮኑ አሰራጨው የሚባለው ብዙ ጊዜ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በሽታው ወጥቶ ስለነበር ነው። ዘግይቶ መምጣት ነው ጠላቱ። ለናሙና የሚገባው መርፌም የሚፈራውን ያህል አይደለም።

በሕይወት የተረፉት ሕዋሳት ታዲያ ያገኙት ቦታ ላይ ሁሉ አያርፉም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቴፈን ፔጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ መረመረ። ካንሰሩ ጉበት ላይ ተደጋግሞ ተገኘ፤ ብዙ ደም የሚያገኘው ጣፊያ ላይ ግን እምብዛም። ነገሩ የዘርና የአፈር ጉዳይ ነው አለ፤ ዘሩ የካንሰሩ ሕዋስ፣ አፈሩ የሚያርፍበት የሰውነት ክፍል ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ አይከብድም። ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻን ያለፈ ሰው ሐርቡ ላይ ያማረ ማሽላ ያያል። ያንኑ ዘር ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ አናት ላይ ይዝራው እስቲ፤ ውርጩ ይጨርሰዋል።

ለጡት ካንሰር ከሚመቹት አንዱ አጥንት ነው። አጥንት ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ይታደሳል። የካንሰሩ ሕዋስ እዚያ ሲደርስ አፍራሾቹን ሕዋሳት ያጣድፋል። አጥንቱ ሲሟሟ በውስጡ የተከማቹ የእድገት ኬሚካሎች ይለቀቃሉ፤ ካንሰሩም በእነሱ ይፋፋል። ሲፋፋ ደግሞ አፍራሾቹን ይብስ ያጣድፋል።

ይህን ማወቅ መድኃኒት ላይ ለውጥ አምጥቷል። በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚይዘው ካንሰሩን ሳይሆን አፍራሾቹን ነው። ሌትሮዞልና አናስትሮዞል የሚባሉት ክኒኖችም እንዲሁ ናቸው። የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ስብና ሌሎች ሕብረ ሕዋሳቷ ኤስትሮጅን መሥራታቸውን አይተዉም፤ በሆርሞን ለሚያድግ ካንሰር ይህ ምግብ ነው። ክኒኖቹ ያንን ያቆሙበታል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። የጡት ካንሰር ታክማ የነበረች ሴት ወገቧን ወይም ጎኗን ለሳምንታት ካመማት ወጌሻ ጋ ሄዳ አትታሽ። የሟሟ አጥንት በእሽት ሊሰበር ይችላል። መጀመሪያ ለሐኪሟ ትንገር፣ ራጅ ትነሳ።