ሳይጠሩት የሚመጣ ትዝታ ምንድን ነው?

ፈረንሳዮች «ሜምዋር ኢንቮሎንቴር» ይሉታል፤ አስበው የማያመጡት፣ በራሱ ጊዜ ከተፍ የሚል ትዝታ ነው። በአማርኛ ትዝታ ሲባል ናፍቆት አብሮ ይታሰባል፤ እዚህ ግን ናፍቆት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስሙን ያገነነው የማርሴል ፕሩስት ባለ ሰባት ቅጽ ልቦለድ «የጠፋውን ጊዜ ፍለጋ» ሲሆን የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው።

ተራኪው የልጅነት መንደሩን ኮምብሬን ባሰበ ቁጥር የሚታየው እናቱን ተሰናብቶ ለመኝታ የሚወጣበት ደረጃና አካባቢው ብቻ ነበር፤ ያውም ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንደቆመ። ስለ ሌላው ቢጠየቅ መመለስ አያቅተውም፤ መልሱ ግን እንደ ተሸመደደ ትምህርት በድን ነው።

አንድ የብርድ ቀን እናቱ ሻይ ታቀርብለታለች። ልማዱ ስላልሆነ እምቢ ይልና ሐሳቡን ይቀይራል። ማድሌን ከምትባለው የዛጎል ቅርጽ ያላት ትንሽ ኬክ ቆረስ አድርጎ፣ በማንኪያ ሻይ አርሶ ሲቀምስ ሰውነቱን ይነዝረዋል። ልብ በሉ፤ ቀድሞ የመጣው ደስታው ነው፣ ትዝታው ገና ነው። ሁለተኛ ይጎነጫል፤ የተጨመረ ነገር የለም። ሦስተኛው ጭራሽ ደከም ይላል። ነገሩ ያለው ሲኒው ውስጥ ሳይሆን እሱው ውስጥ እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። ጆሮውን ይደፍናል፣ አእምሮውን ያሳርፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ከብዙ ልፋት በኋላ ድንገት ብቅ ይላል፦ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት አክስቱ ሌዮኒ ከራሷ ሻይ ነክራ የምትሰጠው ማድሌን! ቤቱ፣ የአትክልቱ ቦታ፣ መንገዱ ሁሉ ተከትሎ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ኬኳን ማየቱ ምንም እንዳላስታወሰው ነው። በየኬክ ቤቱ ሲያያት ስለኖረ መልኳ ከቅርብ ቀናት ጋር ተጣብቋል፤ ጣዕሟን ግን በመሃል አልቀመሰውም። ለዚህ ነው ዘወትር የሚቀመስ ነገር ይህን ሥራ የማይሠራው።

ደግሞም ሁሌ ደስታ አይደለም። የዚሁ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ስዋን፣ ፍቅረኛው ኦዴት ለእሱ ያላት ፍቅር ከቀዘቀዘ በኋላ «ስትወደኝ በነበረ ጊዜ» የምትለውን ሐረግ ብዙም ሳያመው ይላት ነበር። አንድ ግብዣ ላይ ግን የፍቅራቸው ዜማ የነበረችው፣ በልቦለዱ ውስጥ ያለው የሙዚቃ ደራሲ የቬንተይ ሶናታ (በመሣሪያ የሚጫወቱት ድርሰት) ቁራጭ ሳይዘጋጅ ትደርስበታለች፤ ኦዴት ሠረገላው ውስጥ የወረወረችለት፣ ከከንፈሩ ሳይነጥል የያዘው አበባ ከነቅጠሉ ፊቱ ድቅን ይላል።