የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ምንድን ነው? ሄክታር ማካፈል አይደለም

ሰሞኑን ስለ ጅማ ዙሪያ የእርሻ መሬት መመናመን በተነሣ ክርክር ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ «መፍትሔው ቀላል ነው» ብሎ ጻፈ። ለእርሻ ይህን ያህል ሄክታር፣ ለቤት ይህን ያህል፣ ለውሃ ይህን ያህል ተብሎ ይመደብ፤ ጅማ ከተማ ጥግ ያለው የቦዬ ረግረግ ባዶውን የተቀመጠ ስለሆነ ቤቱ እዚያ ይሠራ፤ የገበሬው ማሳ አይነካ፤ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ማለት ይኸው ነው አለ። ብዙ ሰው ደገፈው። ለገበሬው አስቦ እንደተናገረ አልጠራጠርም። ይኸው አስተሳሰብ ግን በስብሰባውም፣ በሪፖርቱም፣ በራዲዮውም እየተደጋገመ ስለሆነ፣ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሰምቶ ሊያልፈው አይገባም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከሄክታሩ ነው። ሄክታር ስፋትን ይለካል፤ ውሃ ግን የሚያውቀው ላይና ታችን ነው። ዴዶ ወረዳ ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ሄክታርና ጅማ ከተማን በሚያቋርጠው አዌቱ ወንዝ ዳር ያለ አንድ ሄክታር በወረቀት እኩል ናቸው፤ በሚሠሩት ሥራ ግን አይገናኙም። ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ላይ?» የሚለው ነው። ቀጥሎ «እዚያ ላይ ምን፣ በምን አኳኋን ይሠራ?» ይባላል። «ስንት ሄክታር?» የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ እሱም ከሁለቱ መልስ የሚወጣ ድምር ነው።

ሦስት ወንድማማቾች የአባታቸውን ቆርቆሮ ቤት ወረሱ እንበል። በጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ በአሸንዳ ተሰብስቦ ጓሮ ካለው በርሜል ይገባል፤ የሦስቱም ቤተሰብ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ጣሪያውን በሜትር ለክተው እኩል ተካፈሉ። አንዳቸውም አልተበደሉም። አሸንዳ ያለበት ጠርዝ የደረሰው ግን «ይቺ ቀጭን ቆርቆሮ ምን ትሠራልኛለች?» ብሎ ነቅሎ ሸጣት። ከጣሪያው ስፋት ጋር ሲተያይ የጠፋው ከቁጥር አይገባም፤ በርሜሉ ግን ባዶውን ቀረ፣ ውሃውም በግድግዳው እየወረደ መሠረቱን ይቦረቡር ጀመር። ከላይ ያለው ወንድም ደግሞ በድርሻው ላይ አመድ ቢያፈስ ድርሻው የራሱ ነው፤ አመዱ የሚገኘው ግን በሦስቱም ማሰሮ ውስጥ ነው።

የዴዶ፣ የሰቃ ጨቆርሳ፣ የማና እና የቀርሳ ወረዳዎች ተዳፋቶች ጣሪያችን ናቸው። ጅረቶቹ ከነዳርቻቸውና ከነረግረጋቸው አሸንዳው ናቸው። በርሜሉ ግልገል ጊቤ ነው፤ የከተማችን የቧንቧ ውሃ የሚሳበው ከዚያ ወንዝ ነውና። በርሜሉ እኛ ጋ አያበቃም። ያው ወንዝ ወርዶ በ1996 ሥራ የጀመረውንና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የመጀመሪያውን የጊቤ ግድብ ይሞላል፤ ተርባይኑን አልፎ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ከዴዶ ማሳ የታጠበ አፈር ግድቡ ውስጥ ሲተኛ የሚቀንሰው የሁለት ጣቢያዎችን ውሃ ነው።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታም አለ፤ እሱን ማለፍ አይገባም። ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም፤ መሬት ግን ይጠጣል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ስለሆነ፣ አንድ ሄክታር ማሳ በዓመት 15,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይወርድበታል፤ በ200 ሊትር በርሜል ቢሰፈር 75,000 በርሜል ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከወረደ ጎርፍ ነው። ወደ መሬት ገብቶ ቀስ ብሎ ከወጣ በጥር ወር የሚፈስ ምንጭ ነው። ልዩነቱን የሚወስነው የመሬቱ አያያዝ ነው። ቀይ አፈራችን ጥልቅ ነው፣ ውሃም በደንብ ያሰርጋል፤ ሳሳና ዋንዛ የሚባሉት ዛፎች ጥላ የጣሉበት የቡና ማሳ ሥር ቅጠል ስለሚነጠፍ የዝናቡ ጠብታ አፈሩን ሳይመታ ይገባል። ያንኑ ተዳፋት መንጥሮ በቆሎ የዘራ ሰው፣ አፈሩ ገና ራቁቱን ባለበት በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡን ይቀበላል።

(እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ማሳሰቢያ። «ዛፍ ውሃ ያመጣል» የሚለውም እንዲሁ በጅምላ አይባልም። ዛፍ ራሱ ውሃ ይጠጣል፤ በፍጥነት የሚያድግ ባሕር ዛፍ ደግሞ አብዝቶ ይጠጣል። የአንድ ወንዝ የዓመት ድምር ውሃ ደን ሲበዛ ሊቀንስም ይችላል። እኛን የሚያስጨንቀን ግን የዓመቱ ድምር ሳይሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ፍሰት ነው። ስለዚህ የቱ ዛፍ፣ የት ላይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገደላ ገደሉ ላይ የሚጠቅመው ባሕር ዛፍ ምንጭ ራስጌና ረግረግ ውስጥ ሲተከል ጎጂ ነው።)

ወደ ቦዬ ልመለስ። አስተያየት ሰጪው «ባዶ» ያለው ቦታ የከተማውን መሐል አቋርጦ የሚመጣው አዌቱ ከነቆሻሻው ወደ ግልገል ጊቤ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት ነው። ውሃው ጨፌው መካከል ሲደርስ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደለሉን ይጥላል፤ ሲያድር ከተሸከመው ቆሻሻ የተወሰነውን ሥሮቹና በጭቃው ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ይበሉለታል። ይህን ሥራ ብንነጥቀው በማሽንና በኬሚካል ልንሠራው ግድ ይለናል። ማጣሪያ ጣቢያ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ፤ ወንዙ በደፈረሰ ቁጥር የሚገባው አሉም (ውሃ ማጥሪያው ኬሚካል) ይጨምራል፣ ወጪውም አብሮ። ረግረጉ ላይ ቤት ከተሠራ ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል፦ ውሃው የሚተኛበት ያጣል፣ የቤቶቹ መፀዳጃ ጉድጓድም ክረምት ላይ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። እዚያ ቤት የሚገዛው ድሃ ነው፤ ጎርፍ የሚገባበትም እሱ ነው።

እዚህም ላይ ልኩን መናገር አለብኝ። ረግረግ ሁሉ አንድ አይደለም። ከምንጭ የሚነሣው፣ ወንዝ ሞልቶ የሚያጥለቀልቀው፣ ዝናብ ብቻ የሚያቋጥረው ሥራቸው ይለያያል። አንዳንዱ በበጋ ወደ ወንዝ ከሚሰጠው ይልቅ በትነት የሚያጣው ይበልጣል። ስለዚህ «ረግረግ ሁሉ አይነካ» ብዬ አልከራከርም። እያንዳንዱ በተፋሰሱ (ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ በሚወርድበት መሬት ሁሉ) ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ «ባዶ» አይባል ነው የምለው።

ደግሞስ ባዶ ነው ወይ? በዓመት በዓል ቤታችን የምንጎዘጉዘው ከዚያ የታጨደ ነው። ተዳፋቱ ላይ ሣር ሲደርቅ ከብት የሚወርደው ወደዚያ ነው። የጡብ ሸክላ የሚቆፈረውም ከዚያው ነው፤ ይኼኛው መጠን ሲያጣ ጉድጓድ ብቻ ትቶ ይሄዳል። «ባዶ» የተባለው የወል መሬት ስለሆነ ነው። ማሳ ሲወሰድ የይዞታ ደብተሩን ይዞ የሚሟገት አባወራ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረትም በቋሚነት የሚነሣ ገበሬ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘለት ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይታሰብለታል። ረግረግ ሲወሰድ ግን በራሱ ስም ደብተር አውጥቶ የሚቆም ሰው የለም። መሬት ፈላጊ ሁሉ ክርክር ወደሌለበት ያዘነብላል። ሄክታር እየቆጠረ የሚያካፍል ዕቅድ ይህን ዝንባሌ በማኅተም ያጸድቀዋል።

ሁለተኛው የሚያስቆጨኝ ነገር ተዳፋትን የሚመለከት ነው። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 456፣ ዕቅዱ ተፋሰስን መሠረት አድርጎ፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የመሬቱን ገጽታ፣ የአየሩን ጠባይና የዕፅዋት ሽፋኑን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር አይቶ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን (ተዳፋቱን በደረጃ የሚያደላድል) ከተሠራ ብቻ ነው ይል ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 በወጣው በቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ቁጥሮቹ ግን አሁንም በየሥልጠናው ይጠቀሳሉ፤ በስሕተትም ይተረጎማሉ። 60 በመቶ ማለት 60 ዲግሪ አይደለም! አግድም 100 ሜትር ሲኬድ 60 ሜትር ሽቅብ መውጣት ነው፤ በዲግሪ ሲሰላ ወደ 31 ይጠጋል። 60 ዲግሪማ ገደል ነው፤ ማንም አያርሰውም። ቁጥሩን በዲግሪ የሚያነብ ሰው ሊታረስ የማይገባውን ተዳፋት ሁሉ «ሕጉ ይፈቅዳል» ብሎ ያልፈዋል።

እርከኑም ቢሆን ከሌላ አገር እንዳለ የሚቀዳ አይደለም። ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ እርከን ውሃ እንዲያቁር ተደርጎ ደልደል ብሎ ይሠራል። ጅማ ላይ ያንኑ ብንሠራ ውሃው ከልክ በላይ ተኝቶ ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል፤ ሲብስ እርከኑን ጥሶ ቦረቦር ይከፍታል። እንደኛ ዝናብ በሚበዛበት ወይና ደጋ እርከኑ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ትርፉን ውሃ ሣር ወደለበሰ ማስወገጃ ቦይ ማውጣት አለበት። ቦዩ የሚያልፈው ደግሞ በጎረቤት ማሳ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያቅደው የማይችለው፣ ዕቅድ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ገበሬውን መውቀስ የሚወዱም አሉ፤ «ረግረጉን በባሕር ዛፍ የሞላው እሱ ነው» ይላሉ። በቆሎ ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ጦጣና ከርከሮ ይበላዋል፤ ጥበቃ ሌሊት ማደርን ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ለቤት ግንባታ ገበያው ቅርብ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ያንን ሒሳብ የሚለውጥ ነገር ሳያቀርብ ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም የሚቀባ ዕቅድ አንድ ዛፍ አያስነቅልም።

ሄክታር ጨርሶ የማያሳየው ደግሞ ጊዜ ነው። በጅማ ዞን የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚበረቱት ዝናቡ ወጥቶ ወንዙ እየቀነሰ በሚሄድበት ወቅት ነው። ያው የማጠቢያ ፍሳሽ ነሐሴ ላይ ቢለቀቅ በብዙ ውሃ ይቀልላል፤ ኅዳር ላይ ግን በጥቂት ውሃ ስለሚገባ በውስጡ ያለው የበሰበሰ ገለባና ሙጫ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከታች ያለ መንደር ሽታውን ያውቀዋል። ጣቢያው የያዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ ካርታው ላይ ነጥብ ነው። ዕቅዱ ስለዚህ ነጥብ የሚናገረው ፍሳሹ ከወንዙ ምን ያህል ርቆ በስንት ጉድጓድ አልፎ እንደሚጣራ ካልሆነ፣ ስፋቱን መመዝገብ ብቻውን ዋጋ የለውም።

«ታዲያ ቤት የት ይሠራ?» ይባላል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተማው ማደጉ አይቀርም። መጀመሪያ በያዘው መሬት ላይ ወደ ላይ ይሠራ። ያ ካልበቃና ረግረግ ወይስ ማሳ የሚል ግድ ከመጣ፣ እኔ ማሳው ይነካ እላለሁ። ይህን ስል የእርሻ መሬት ጥበቃ ወዳጆቼ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ማሳ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፦ ጥልቅ ቀይ አፈር ያለበት ደልዳላ ማሳ ከሚጠፋ፣ አፈሩ የሳሳበትና ድንጋይ የበዛበት ትከሻ ላይ ያለው ይቅደም፤ የሚነሣው ገበሬ መሬቱን ከመልቀቁ በፊት ካሳውን በእጁ ይቀበል። ማሳ ሲጠፋ የዚያ ማሳ ምርት ይጠፋል፤ ረግረግ ሲጠፋ ግን ከሥሩ ያሉት ሁሉ ውሃ ይነካል።

ይህን ለማስፈጸም የሚያስቸግረው ድንበሩ ነው። ከተማው መዋቅራዊ ፕላን አለው፤ ገጠሩ የራሱ የመሬት ጽሕፈት ቤት አለው። አንድ የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሲካለል መዝገቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ አዌቱ ግን ሁለቱንም አያውቅም። የከተማው ፕላን ካርታ ከከተማው ወሰን ላይ ይቆረጣል፤ የገጠሩም እዚያው ይቆማል። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሥዕል ሳይኖር ሁለቱ ዕቅዶች በየፊናቸው ይጸድቃሉ።

ስለዚህ በቀበሌያችሁ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ለውይይት ሲቀርብ፣ የሄክታር ሠንጠረዡን ትታችሁ ካርታውን አስዘርጉ። የተፋሰሱ ወሰን ተሰምሮበታል? የተዳፋቱ መጠን በመቶኛ ተለይቷል? ምንጮቹ፣ የወንዙ ዳርቻና ጨፌው በስማቸው ተጽፈዋል ወይስ «ሌሎች» በሚል አንድ ሳጥን ገብተዋል? የበጋ ግጦሽና ጨፌ ማጨድ ማን፣ መቼ እንደሚችል ተወስኗል? መጠበቅ ማለት ሰውን ማባረር ስላልሆነ ይህም መጻፍ አለበት። ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ የትኛው ምንጭ በየትኛው ዘመን እንደደረቀና ከዚያ በፊት ከላዩ ምን እንደተመነጠረ ይነግሯችኋል፤ ያንንም ባለሙያው ካርታው ላይ ይጻፈው።