የቃል ስኮላርሺፕ ያስራል ወይ?

አሜሪካ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ያላቸውን ወላጆች ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የኮሌጅ አሰልጣኝ «ሙሉ ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን» ይላል፣ ቤቱ በደስታ ይሞላል። ግን የቃል ኦፈር ማንንም አያስርም። አሰልጣኙ ነገ ሊተወው ይችላል፤ ልጁም «እሺ» ካለ በኋላ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። 8ኛ ክፍል እያሉ እንዲህ ያለ ኦፈር ያገኙ ልጆች ሁሉ አሉ።

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ድርጅት በኤንሲኤኤ ደንብ የዲቪዥን 1 (የከፍተኛው ምድብ) ኮሌጅ ኦፈሩን በጽሑፍ መስጠት የሚችለው ልጁ 12ኛ ክፍል በሚገባበት ዓመት፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ልጁ ወደ ኮሌጁ እንደሚገባ ድሮ ይፈርመው የነበረው የስምምነት ወረቀት፣ «ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንተንት»፣ በ2024 ቀርቷል። አሁን ዋናው ወረቀት የገንዘብ ድጋፍ ስምምነቱ ነው። እሱን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ለስንት ዓመት ነው? ምግብና መኝታንስ ይጨምራል?

በእኔ እምነት አሰልጣኞች ከ11ኛ ክፍል በፊት ኦፈር ባይሰጡ ይሻላል። የ14 ዓመት ልጅ ቁመቱም የትምህርት ውጤቱም ገና አልለየም። አሰልጣኙ ራሱ ኮሌጅ ሊቀይር ይችላል፤ ያኔ ለቃሉ ተጠያቂ የሚሆን የለም። እስከዚያው ግን ኦፈር ሲመጣ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «ዛሬ እሺ ብንል ቦታው የልጃችን ነው?»