ትራይፖድ ኮላር ምንድን ነው? እጀታስ አይደለም

"የኔ ካሜራ ማውንቱ፣ ሌንስ የሚገጠምበት ቦታ፣ ብረት ነው፤ ኮላር ምን ያደርግልኛል?" አንዱ ዛሬም እንዲህ ብሎ ሲመክር አየሁ። ሰዉም አመነው።

ኮላር ማለት ከባድ ሌንስን ወገቡ ላይ የሚይዝ ቀለበት ነው። ከሥሩ እግር አለው፤ ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) ላይ የሚታሰረው ይሄ እግር ነው፣ ካሜራው ከኋላ ይንጠለጠላል። ብዙ ሰው ሌንስ መሸከሚያ እጀታ ብቻ ይመስለዋል።

ወዳጄ፣ ማውንቱማ አይሰበርም። 1.5 ኪሎ ገደማ የሚሆን 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ቢሸከም ምንም አይሆንም። ነገሩ ሚዛን ነው። አህያ ስትጭን እህሉን ሁሉ በአንድ ጎን ታንጠለጥላለህ? ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ አስረህ ረጅም ሌንስ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ ሲቀር ያደረግከው እሱን ነው። ፍሬምህን አስተካክለህ ብሎኑን ታጠብቃለህ፣ እጅህን ስታነሳ ሌንሱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ያዘነብላል። ሸተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ሲመታ ደግሞ ያ ሁሉ ርዝመት ይርገበገባል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ኮላሩ ጭነቱን ወዲህና ወዲያ ያመዛዝነዋል። ግን መጫኛው ከላላ የተመዛዘነ ጭነትም ይወላገዳል፤ የኮላሩን ብሎን ሳታጠብቅ፣ ወይም እግሩ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምንም አላተረፍክም። በውድ ዋጋ የተሸጠ ሌንስ ላይ እንዲህ ያለ እግር ሳይ እናደዳለሁ።

ሌላው ጥቅሙ ብዙም አይወራለትም፦ ብሎኑን ላላ አድርገህ ካሜራውን ከአግድም ወደ ቁም ስታዞረው ክብደቱ ከመሃል አይወጣም።

ሁሌ ያስፈልጋል አላልኩም። በ1/2000 ሰከንድ የሚበር ወፍ የምታነሳ ከሆነ ርግብግቡ ብዙም አይታይም። የሚጎዳህ የሸተሩ ፍጥነት ከ1/60 ሰከንድ ሲዘገይ ነው፣ በተለይ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ከሆነ። ያኔ ካሜራው መስታወቱን አስቀድሞ እንዲያነሳ አድርግ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሳ፣ የትራይፖዱን የመሃል ዘንግ አታውጣ። ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮ እየጠበቅክ ነፋሱ ከመጣ ግን ኮላርም አያድንህም፤ ትራይፖዱን ዝቅ አድርገህ አንተም አብረህ ቁጭ በል።

ካኖን የቀድሞውን ኢኤፍ 70-200 ኤፍ 4 ያለ ኮላር ይሸጠው ነበር፣ ቀላል ስለሆነ። ገባኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አቅርበህ 200 ላይ ስታነሳ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ከመኪና መስኮት ላይ ሩዝ የሞላ ከረጢት አድርገህ የምታነሳ ከሆነ ደግሞ እግሩን ወደ ላይ አዙረው፤ ሌንሱ ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ስምጥ ብሎ ይቀመጥ።